ያውቁ ኖሯል? የእሳት አደጋ መኪና የቱቦ መደብ

በአሜሪካ የእሳት አደጋ መኪኖች ላይ ትልቁ የውሃ ማቅረቢያ ቱቦ በአብዛኛው የሚቀመጠው ተጠቅልሎ ሳይሆን፣ «የቱቦ መደብ» ሊባል በሚችል፣ በመኪናው የኋላ ክፍል በሚገኝ ሰፊ ስፍራ ላይ እየታጠፈ ተደርድሮ ነው፤ የዚህም ዓላማ መኪናው ከሃይድራንት፣ ማለትም በመንገድ ዳር ከተተከለ የእሳት ማጥፊያ ውሃ መቅጃ፣ ተነስቶ ወደ ቃጠሎው ሲያመራ ቱቦው ከኋላው እየተተረተረ እንዲዘረጋ ማድረግ ነው።

ከሥራ በኋላ ቱቦውን መልሶ መጫን ግን አድካሚ ነው፤ 5 ኢንች (127 ሚሊ ሜትር) ስፋት ያለው ቱቦ በተለምዶ 100 ጫማ (30 ሜትር ገደማ) በሚረዝሙ ቁራጮች ተገጣጥሞ የሚሠራ ከባድ ዕቃ በመሆኑ፣ መደቡ ከትከሻ በላይ ሲሆን ሠራተኞቹ ለመውደቅና ለጀርባ ጉዳት ይጋለጣሉ።

መደቡን ወደ ላይ ከሚገፉት ምክንያቶች ዋነኛው ከሥሩ የሚቀመጠው የውሃ ታንከር ስለሆነ፣ አንዳንድ ንድፍ አውጪዎች ታንከሩን ከጎን ሲታይ የ«ኤል» ቅርጽ በመስጠት አብዛኛውን ውሃ ወደ ፊት አሸጋግረው መደቡን ዝቅ ሲያደርጉ፣ ሌሎች ደግሞ በሃይድሮሊክ፣ ማለትም በፈሳሽ ግፊት በሚሠራ ኃይል፣ ወደ መሬት የሚወርድ መደብ ይሠራሉ። በመደቡ ውስጥ ያሉ ተንቀሳቃሽ አካፋዮች የተለያየ ስፋት ያላቸውን ቱቦዎች ለየብቻ ለመደርደር ያስችላሉ፤ ክፍተት ያለው የርብራብ ወለልም በቱቦው ላይ የቀረው ውሃ እንዲንጠፈጠፍና አየር እንዲዘዋወር ይረዳል።

ይሁን እንጂ መደቡ ዝቅ ባለ ቁጥር ለታንከሩ፣ ለመሰላልና ለሌሎች መሣሪያዎች የሚተርፈው ስፍራ ስለሚጠብ፣ እያንዳንዱ ንድፍ በጭነት ምቾትና በመያዝ አቅም መካከል የሚደረግ ማመዛዘን ነው።