ጎርፍና መጋዘን፤ የኮምፒዩተር ካርታ ለነጋዴ የሚሰጠው ጥቅም

በድሬዳዋ ከተማ መካከል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ደረቅ አሸዋ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን በደጋው የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ በድንገት ወርዶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ ቤትና ሱቅም ጠራርጎ ወሰደ። በደጃፉ የሚዘንበውን ብቻ የሚመለከት ነጋዴ እንዲህ ያለውን ውሃ አስቀድሞ ሊያውቀው አይችልም።

ኪው ጂ አይ ኤስ የሚባለው የኮምፒዩተር የካርታ ፕሮግራም ያለ ክፍያ ይገኛል። በ1992 ዓ.ም. ከጠፈር መንኮራኩር በራዳር የተለካው የምድር ከፍታ ሲሰጠው፣ ውሃው ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚወርድ አስልቶ ያሳያል፤ በዚያ ላይ መጋዘኑ፣ ሱቁና የጭነቱ መንገድ ሲሠፍሩ የትኛው ንብረት በውሃው መውረጃ እንደሚገኝ ይለያል።

ይሁን እንጂ ካርታውን እንደ ዳኛ መቀበል አይገባም። ልኩ ለየ30 ሜትሩ አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጥ ስለ ሆነ የሱቅን ደፍና የአጥርን ግንብ አያውቅም። ይህን ጉድለት የሚሞላው ውሃው በግድግዳቸው ላይ እስከ ምን እንደ ደረሰ በዓይናቸው ያዩት የሠፈሩ ሰዎች ምስክርነት ነው። ስለዚህ ነጋዴው ካርታውን ይዞ ሠፈሩን ይዙር፤ ስኳሩ፣ ጨውና ሲሚንቶው ከክረምት በፊት ከፍ ወዳለው ስፍራ ይዛወር፤ የሒሳብ መዝገቡም ግልባጭ ውሃው በማይደርስበት ቤት ይቀመጥ። የመጋዘን ኪራይ ውል ከመፈረሙ አስቀድሞም ይኸው ካርታ ቢታይ መልካም ነው፤ በወንዝ ዳር ኪራይ የሚረክስበት ምክንያት አንዳንድ ጊዜ ከዚሁ ላይ ይገኛልና።