ቪዲዮው ሲቆም የሚጀምረው ትምህርት

ጭድን በዩሪያ ማከም የከብት መኖ እጥረትን ለማቃለል የሚረዳ የታወቀ አሠራር ነው። በተለመደው ምጣኔ ለ100 ኪሎ ግራም ጭድ 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ በውኃ ተሟሙቶ ይረጫል። ጭዱ አየር እንዳይገባው ታፍኖ ለ21 ቀናት ያህል ይቆያል፤ ለከብት ከመሰጠቱ በፊትም ሽታው እንዲወጣ ይናፈሳል። መጠኑ ከበዛ ወይም ከብቱ ያልሟሟ ዩሪያ ከላሰ፣ በጨጓራው ውስጥ የሚፈጠረው አሞኒያ ወደ ደም ገብቶ በሰዓታት ውስጥ ሊገድለው ይችላል።

ይህን አሠራር የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በኢንተርኔት በቀላሉ ይገኛሉ። ሁሉም ግን መጠኑን በግልጽ አይናገሩም፤ ዩሪያው ባልዲ ውስጥ ሲገለበጥ አሳይተው የሚያልፉ አሉ። በዚያች ቅጽበት ቪዲዮውን አቁሞ “ስንት ኪሎ? በስንት ሊትር ውኃ?” ብሎ የሚጠይቅ ከሌለ፣ ተመልካቹ ያየውን ብቻ ይዞ ወደ በረቱ ይሄዳል።

ዩቲዩብን የመሳሰሉ የቪዲዮ ማጋሪያ ገጾች ለተማሪም ለአርሶ አደርም የመማሪያ መሣሪያ የሚሆኑት፣ ቪዲዮውን የሚያቆም፣ የሚጠይቅና የሚያብራራ ሰው ሲኖር ነው።

ከፕላዝማው የምንማረው

በምስል ማስተማር ለሀገራችን አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገብቶ ነበር። ቤተ ሙከራ ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች የኬሚስትሪና የፊዚክስ ሙከራዎችን ማሳየቱ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ነገር ግን ሥርጭቱ በተወሰነለት ሰዓት በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ስለነበር መምህሩ ሊያቆመውም ሊመልሰውም አይችልም ነበር። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በዚህ መንገድ ከተማሩት አንዷ ናት። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቃል፤ ራሱ ይመልሳል። ብዙዎቻችን ግን ገና ጥያቄውን እየጻፍን ነበር።

የዛሬው ቪዲዮ ይህን ችግር የመፍታት ዕድል አለው፤ ይቆማል፤ ይደገማል። አሜሪካዊው ሳልማን ካን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የአጎቱን ልጅ ከሩቅ ሆኖ ሒሳብ ማስጠናት ጀመረ፤ በ2006 ትምህርቶቹን በዩቲዩብ ላይ መጫን ቀጠለ። ዘመዶቹ በአካል ከሚያስረዳቸው ይልቅ ቪዲዮውን እንደሚመርጡ ነገሩት። ምክንያታቸውም ያልገባቸውን ያለ ሐፍረት ደጋግመው ማየት መቻላቸው ነበር።

በግብርናው ዘርፍ ደግሞ በ2006 በሕንድ የተጀመረው ዲጂታል ግሪን በኋላ ወደ ኢትዮጵያም ገብቷል። አሠራሩ አርሶ አደሮች ራሳቸው በማሳቸው ላይ ሲሠሩ ቀርጾ ለጎረቤቶቻቸው ማሳየት ነው። ቪዲዮው በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለቡድን ይቀርባል፤ አመቻች በየመሐሉ እያቆመ ያወያያል። በሕንድ መንደሮች የተካሄደ ሙከራ፣ ይህ መንገድ ለአንድ ዶላር ወጪ ከተለመደው የኤክስቴንሽን ሥራ ቢያንስ በ10 እጥፍ ውጤታማ መሆኑን አሳይቷል።

እንዴት እንጠቀምበት?

አንደኛ፣ መምህሩ ወይም የግብርና ባለሙያው ቪዲዮውን አስቀድሞ እስከ መጨረሻው ይመልከተው። ማን እንዳዘጋጀው፣ የት እንደተቀረጸና መቼ እንደተሠራ ያጣራ። ለቆላ የተዘጋጀ ምክር ለደጋ ላይሠራ ይችላል፤ በሌላ ሀገር የሚረጭ ኬሚካል በእኛ ሀገር ያልተመዘገበ ሊሆን ይችላል። የተመልካች ብዛት ለትክክለኛነት ዋስትና አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ኔትወርክና መብራት ባሉበት ቦታ በመተግበሪያው ፈቃድ መሠረት አስቀድሞ ማውረድ ይገባል። ዝቅተኛ የምስል ጥራት መምረጥ የዳታ ወጪን በእጅጉ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ አጭር ቪዲዮ ይመረጥ፤ ከአሥር ደቂቃ ባይበልጥ ይመከራል። ውጤቱ ከመታየቱ በፊት አቁሞ “ቀጥሎ ምን ይሆናል?” ብሎ መጠየቅ ተማሪውን ከተመልካችነት ያወጣዋል። ጤፍ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት በመስመር ሲዘራ የሚያሳይ ቪዲዮ፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ “10 ሜትር ስፋት ባለው ማሳ ስንት መስመር ይወጣል?” የሚል ጥያቄ ይሆናል። የዩሪያውም ቪዲዮ በባዮሎጂ ክፍል ስለ አመንዣኪ እንስሳት ጨጓራ ለማስተማር ያገለግላል።

አራተኛ፣ ከቪዲዮው በኋላ በእጅ መሥራት ይከተል። ያየውን በዚያው ሳምንት በሰርቶ ማሳያ ላይ ያልሞከረ ቶሎ ይረሳዋል።

የራሳችንንም እናጋራ

መምህራንና ባለሙያዎች በአካባቢያቸው የሚሠራውን በስልክ ቀርጸው ማጋራት ይችላሉ። ስልኩን በአግድም መያዝ፣ ነፋስ ድምፁን እንዳይሸፍነው ቀረብ ብሎ መናገር፣ ልኬቶችን ደግሞ ደጋግሞ መጥራት በቂ ነው። የሰው ፊት ከመታየቱ በፊት ፈቃድ መጠየቅ፣ ለሕፃናትም የወላጅን ይሁንታ ማግኘት ግዴታ ነው። ዩቲዩብ ቪዲዮውን አድራሻው ለደረሳቸው ብቻ እንዲከፈት የማድረግ ምርጫም አለው።

ስማርት ስልክ የሌለው ተማሪ ወይም አርሶ አደር ከዚህ ዕድል እንዳይቀር በቡድን ማሳየት ይሻላል። በአንድ ስልክ ዙሪያ አምስት ሰዎች ተቀምጠው ሲከራከሩ፣ አንዱ የሳተውን ሌላው ያስተካክላል።

እናም ዩሪያው ባልዲ ውስጥ የሚገለበጥበት ምስል ሲመጣ ቪዲዮውን ያቁሙት። ምጣኔውን በሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ ሚዛን አስመጥተው ያስመዝኑ። ያልገባው ተማሪም ሆነ ከኋላ የተቀመጠ አርሶ አደር “እስኪ ይደገም” ቢል፣ ይደገምለት። ለብዙ ቤተሰብ በሬው ሙሉ የእርሻ ዓመት ነው።