በወረቀት የተጠለለ ቡና በቤት ውስጥ ስለ ማዘጋጀትና ለነጋዴው ስለሚሰጠው ጥቅም

ስለ ቡና አፈላል ለኢትዮጵያዊ መንገር «ለቀባሪው አረዱት» የሚያሰኝ ይመስላል። ነገር ግን ከይርጋ ጨፌ፥ ከጉጂና ከሲዳማ ተጭኖ በሐዋሳና በሻሸመኔ በኩል ወደ ሞጆ የሚመጣው ቡና፥ ባሕር ከተሻገረ በኋላ በብዙ ቤት የሚጠጣው በጀበና ሳይሆን በወረቀት እየተጠለለ ነው። ሻጭ ዕቃውን ገዢው በሚቀምስበት አኳኋን ቀምሶ ካላወቀው፥ ስለ ዋጋ በሚነሣው ክርክር ላይ መልስ ያጣል።

ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1908 ዓ.ም. ያወጣችው በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ትኖር የነበረች ሜሊታ ቤንትዝ የተባለች የቤት እመቤት ናት። የቡናው አተላ ስላስቸገራት የናስ ዕቃ ሥሩን በስታ፥ ከልጇ ደብተር ያገኘችውን የቀለም መምጠጫ ወረቀት አነጠፈችበት። ፈጠራዋንም አስመዝግባ በዚያው ዓመት የንግድ ድርጅት አቋቋመች።

በጀበና የሚፈላው ቡና ጠቈር ብሎ ይቈላል፥ ደጋግሞም ይፈላል፤ ስለዚህ ወፍራምና ብርቱ ነው። የክብሩ ቦታም አይነካም። ዳሩ ግን ይኸው ብርታቱ ትንንሽ ጉድለቶችን ይሸፍናል። ወረቀቱ ግን አተላውንና አብዛኛውን ቅባት ስለሚያስቀር፥ የታጠበው ቡና መልካም መዓዛም ሆነ የሻጋታና የአፈር ሽታ በግልጽ ይታወቃል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ቡናው ሳይጠቍር ቡናማ ሲሆን ከምጣድ ይውጣ። ከዚያም እንደ ሻካራ አሸዋ ይፈጭ። በሙቀጫ የተወቀጠ እንደ ሆነ ዱቄቱ በወንፊት ይነፋና ይለይ፤ የላመው ዱቄት ወረቀቱን ይደፍናል፥ ጣዕሙንም ያመርራል።

2ኛ/ ወረቀቱ በማጥለያው ላይ ተዘርግቶ በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ አለዚያ የወረቀት ጣዕም ይሰጣል።

3ኛ/ ለ15 ግራም ቡና 250 ግራም ውሃ ይመደብ። መጀመሪያ 40 ግራም ያኽል ውሃ ፈስሶ ግማሽ ደቂቃ ይጠበቅ፤ በቈላው ጊዜ በውስጡ የታመቀው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል። የቀረው ውሃ በቀጭኑ፥ በክብ እየዞረ ይፍሰስ። ሥራው በ3 ደቂቃ ገደማ ይፈጸማል። ፈጥኖ ከወረደና ውሃ ውሃ ካለ ቡናው ይላም፤ ዘግይቶ ከመረረ ይሻከር።

ስለ ውሃው ሁለት ነገር ማስተዋል ይገባል። የውጭ አገር መመሪያዎች ውሃው ከፈላ በኋላ ጥቂት ይብረድ ይላሉ። ይህ ምክር ውሃ በ100 ዲግሪ ለሚፈላበት ለባሕር ጠረፍ አገር ነው። ከፍታ 300 ሜትር በጨመረ ቍጥር የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያኽል ይቀንሳል። አዳማ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለ ሆነች ውሃዋ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሚፈለገውም ከ90 እስከ 96 ዲግሪ ስለ ሆነ፥ እንደ ፈላ ወዲያው ማፍሰስ ይገባል።

ሁለተኛው፥ በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጕድጓድ ውሃ ሶዳነትና ፍሎራይድ ይበዛበታል። ሶዳነቱ የታጠበ ቡና የሚወደድበትን ለስላሳ ኮምጣጣነት ያጠፋዋል። ፍሎራይዱን ደግሞ ማፍላትም ሆነ ወረቀቱ አያስወግደውም። ስለዚህ ለቅምሻ ቀላል ውሃ ይመረጥ፤ ለሁሉም ናሙና አንድ ዐይነት ውሃ ይሁን።

ነጋዴው ናሙናዎቹን በአንድ ሚዛን አዘጋጅቶ፥ ምልክቱን ከፍንጃሉ ሥር ጽፎ፥ ሌላ ሰው አቀያይሮ ያቅርብለት። የየትኛው ከረጢት እንደ ሆነ ሳያውቅ ይፍረድ፤ አብሮት የሚሠራውም ለብቻው ይፍረድና ይተያይ። የሻገተ ከረጢት እዚህ ቢገኝ የሚጠፋው አንድ ፍንጃል ቡናና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ገዢው ዘንድ ቢገኝ ግን ውልና እምነት ይጠፋል።