እኔ ያልኩት ሌላ፣ ኮምፒዩተሩ የሰማው ሌላ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በአንድ ሐሙስ ምሽት ነው። በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለፍርድ ቤት የማቀርበው የመከላከያ መልስ ነበረኝ። ከመልሱ ጋር የሚያያዘው የብድር ውል ስካን ተደርጎ ኮምፒዩተሬ ውስጥ ተቀምጧል። ዋናው ወረቀት ደሴ፣ በደንበኛዬ እጅ ነው። እኚህ እናት «አንተ ዘንድ ካለ ምን አሳሰበኝ» ብለው ወረቀታቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ከተመለሱ ሰንብተዋል። ውሉን ላትም «ውል» የሚለውን ፎልደር ከፈትኩ። ባዶ ነው። አንድም ፋይል የለም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የእህቴ ልጅ የኮምፒዩተር ምሩቅ ነው። አሮጌው ኮምፒዩተሬ ቢንቀራፈፍብኝ ሊኑክስ ጫነልኝ፤ የተዘጉ ጉዳዮችን ፋይል በየዓመቱ ወደ መጠባበቂያ ቦታ የሚያዛውር አጭር ስክሪፕትም ጻፈልኝ። ስክሪፕት ማለት ኮምፒዩተሩ ከላይ ወደ ታች እያነበበ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር ነው። የእኔው አራት መስመር ብቻ ነበረው። መድረሻውን ፎልደር ፍጠር፤ ከመነሻው ፎልደር ያሉትን ፋይሎች ወደ መድረሻው ቅዳ፤ ወደ መነሻው ፎልደር ግባ፤ እዚያ ያሉትን ፋይሎች ሰርዝ። ስሙን «አዛውር» አልነው።

ስክሪፕቱ የትኛውን ፎልደር ወዴት እንደሚያዛውር በራሱ አያውቅም። እኔ ነኝ የምነግረው፤ በጥቁሩ መስኮት ከስክሪፕቱ ስም ቀጥዬ መነሻውንና መድረሻውን እጽፍለታለሁ። እነዚህን ተከታይ ቃላት ባለሙያዎቹ «አርጉመንት» ይሏቸዋል። ልጁ ቃሉን ሲነግረኝ የፍርድ ቤት ክርክር መስሎኝ ስቄ ነበር። በስክሪፕቱ ውስጥ የመጀመሪያው አርጉመንት $1፣ ሁለተኛው $2 ተብሎ ይጠራል።

በዚያ ምሽት ጠረጴዛዬን ሳጸዳ የ2012ን ውሎች ላዛውር ብዬ እንዲህ ጻፍኩ፦

አዛውር ውል 2012 ባክአፕ

ኮምፒዩተሩ ምንም አልመለሰም። በሊኑክስ ዘንድ ዝምታ የእሺታ ምልክት መሆኑን ስለተማርኩ ደስ ብሎኝ ቡናዬን ጠጣሁ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነው ባዶውን ፎልደር ያየሁት።

ክፍተት ድንበር ናት

ልጁ ዘንድ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ከአሁን በኋላ ምንም አይንኩ» አለኝ። «የጻፉትን ቃል በቃል ያንብቡልኝ።» አነበብኩለት። ትንሽ ዝም አለና፣ «ስንት አርጉመንት የሰጡት ይመስልዎታል?» አለኝ።

«ሁለት። ‹ውል 2012› እና ‹ባክአፕ›።»

«እሱ የሰማው ግን ሦስት ነው።»

ለእኔ «ውል 2012» የአንድ ፎልደር ስም ነው። ለኮምፒዩተሩ ግን በቃላት መካከል ያለች ባዶ ቦታ የአርጉመንት ድንበር ናት። የድሮ ጸሐፊዎቻችን በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ያስቀምጡ ነበር፤ እኛ ነጥቦቹን ትተን ክፍተቱን ብቻ አስቀረን። ኮምፒዩተሩ እዚያች ክፍተት ላይ ዛሬም ሁለት ነጥብ ያያል። ስለዚህ $1 «ውል» ሆነ፤ $2 «2012» ሆነ፤ ሦስተኛው «ባክአፕ» ማንም ሳይጠይቀው ቀረ። እንደ አጋጣሚ «ውል» የሚባል ሌላ ፎልደር አለኝ፤ ገና ያልተዘጉ ጉዳዮቼ ያሉበት። ስክሪፕቱ «2012» የሚባል አዲስ ፎልደር ፈጠረ፤ የ«ውል»ን ፋይሎች ወደዚያ ቀዳ፤ ከዋናው ቦታ ግን ሰረዘ። የታዘዘውን አንዲት ሳያጎድል ፈጸመ።

ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ስሙ «ኃይለ ማርያም» የሆነ ሰው ቅጽ ሲሞላ በሁለቱ ቃላት መካከል ክፍተት በመተዉ ብቻ «ማርያም» የአባቱ ስም ሆኖ የተመዘገበበት፣ ከዚያም ስሜ ይስተካከልልኝ ብሎ ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተበት ስንት ጊዜ አይተናል። ጸሐፊው የጻፈው የተጻፈለትን ነው። ችግሩ የስሙ ድንበር የት እንደሆነ አለማመልከታችን ነው።

ለኮምፒዩተሩ ድንበሩ የሚመለከተው በትእምርተ ጥቅስ ነው። አዛውር "ውል 2012" ባክአፕ ብዬ ብጽፍ ኖሮ በጥቅሱ ውስጥ ያለውን አንድ ስም አድርጎ ይወስደው ነበር። ቀጥ ያለው ጥቅስ መሆን አለበት። በእኛ ጋዜጦች ላይ የምታዩት ማዕዘናማው ጥቅስም ሆነ የጽሑፍ ፕሮግራሞች በራሳቸው የሚያጎብጡት ጥቅስ ለኮምፒዩተሩ እንደማንኛውም ፊደል ነው።

እንግዲህ የደሴዋ እናት ውል «2012» በሚባለው አዲስ ፎልደር ውስጥ ተገኘ። መልሱም በሰዓቱ ቀረበ። በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

ምስክሩን መጠየቅ

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ቅዳሜ ዕለት ከልጁ ጋር ተቀምጠን ስክሪፕቱን መረመርን። የመጀመሪያ ሥራው የፎልደሮቼን ቅጂ በሌላ ቦታ ማዘጋጀት ነበር። ፋይል የሚሰርዝ ስክሪፕት በዋናው ሰነድ ላይ አይሞከርም።

እኔ መስመሮቹን አንድ በአንድ እያነበብኩ ስህተት ልፈልግ ስል ከለከለኝ። «ጋሼ፣ የሚያስቡትን አይንገሩት። የሰማውን ይጠይቁት።» ጥሩ ጠበቃም ምስክር ፊት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በስክሪፕቱ አናት ላይ ሁለት መስመር ጨመረ፤ አንዱ የአርጉመንቶቹን ቁጥር የሚያሳትም ነው (ስክሪፕቱ ቁጥሩን $# በሚል ምልክት ያውቀዋል)፣ ሌላው እያንዳንዱን አርጉመንት በየመስመሩ የሚያሳትም። የሐሙሱን ትእዛዝ ስንደግመው «3» ብሎ መሰከረ። በጥቅስ ስንጽፈው «2» አለ። ሁለት ሰዓት ስከራከርበት የምውለው ነገር በሁለት መስመር አለቀ።

እኔ ጉዳዩ ተዘጋ ብዬ ነበር። ነገር ግን በጥቅስ የጻፍነውን ትእዛዝ ሙሉውን ስናስኬደው ስክሪፕቱ የስህተት መልእክት ያወርድ ጀመር። ልጁ እያንዳንዱ መስመር ከመፈጸሙ በፊት ምን ሆኖ እንደተነበበ የሚያሳየውን የክትትል ስልት አስነሳ። ያኔ ሁለተኛው ጉድ ወጣ። አርጉመንቱ እንደ አንድ ስም በሩን ቢያልፍም፣ ስክሪፕቱ ውስጥ $1 ያለ ጥቅስ ስለተጻፈ እዚያው እንደገና ለሁለት ተሰንጥቋል። ከደጅ ያሰሩት ጓዳ ሲደርስ ተፈታ ማለት ነው። ስለዚህ ጥቅሱ በሁለቱም ቦታ ያስፈልጋል፤ በትእዛዙም፣ በስክሪፕቱም "$1" ተብሎ።

ሦስተኛው ግን ቀለሜን ያስለወጠኝ ነው። ሦስተኛው መስመር «ወደ $1 ግባ» ይላል። ስሙ ስለተሰነጠቀ ኮምፒዩተሩ አርጉመንት በዝቶብኛል ብሎ አልገባም፤ ባለበት ቆመ። ስክሪፕቱ ግን አልቆመም። ወደ አራተኛው መስመር አለፈና «እዚህ ያሉትን ፋይሎች ሰርዝ» የሚለውን በቆመበት ቦታ ፈጸመ። በሙከራው ፎልደር የነበሩትን ልቅ ፋይሎች በሙሉ ጠራረገ። ከእነርሱም መካከል «አዛውር» ራሱ ነበረበት። ስክሪፕቱ ራሱን አጠፋ። ሐሙስ ማታ ጥቅሱን አስታውሼ ብጽፍ ኖሮ፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው በቅጂው ሳይሆን በቢሮዬ ሰነድ ላይ ነበር።

ትልልቆቹም ወድቀዋል

ይህ የእኔና የእህቴ ልጅ ድክመት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2001 አፕል ኩባንያ ያወጣው የአይቲዩንስ 2 መጫኛ፣ የዲስካቸው ስም ክፍተት ያለበትን ደንበኞች መረጃ አጥፍቷል። ምክንያቱ በመጫኛው ስክሪፕት ውስጥ $2 ያለ ጥቅስ መጻፉ ነበር። ኩባንያው መጫኛውን አንስቶ የታረመ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በምብልቢ የተባለ የሊኑክስ ፕሮግራም መጫኛ፣ በአንድ አድራሻ መሐል ሳይታሰብ በገባች አንዲት ክፍተት የተነሳ የሥርዓቱን ዋና ፎልደር ሙሉ በሙሉ ሲሰርዝ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2015 የወጣው የስቲም ጉዳይ ከእኔ ሦስተኛ ስህተት ጋር ወንድማማች ነው። ስክሪፕቱ ፎልደሩን ፈልጎ አድራሻውን ይይዛል፤ ከዚያ በአድራሻው ሥር ያለውን ሁሉ ይሰርዛል። ፎልደሩ ሳይገኝ ሲቀር አድራሻው ባዶ ይሆናል፤ ትእዛዙም ከዲስኩ ሥር ጀምሮ ሁሉን ሰርዝ ወደሚል ይለወጣል። የሚገርመው ፕሮግራመሩ ከዚያች መስመር በላይ ለራሱ ማስታወሻ አስፍሮ ነበር፤ ይህች መስመር ታስፈራለች የሚል። ፈርቷል፤ መቆሚያ ግን አላበጀላትም።

ልዩ ውክልና

በሕግ ትምህርት ቤት የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ቁጥር 1733 ስንማር፣ ውሉ ግልጽ ከሆነ ዳኛው ከቃሉ ወጥቶ የተዋዋዮችን ሐሳብ በትርጉም መፈለግ አይችልም ተብለናል። ከእርሷ በፊት ያለችው 1732 ደግሞ ውል በቅን ልቦና ይተርጎም ትላለች። ኮምፒዩተር 1733ን እንጂ 1732ን አያውቅም። ለእርሱ የተጻፈ ሁሉ ግልጽ ነው። «እንዲህ ማለቴ ነበር» የሚል መከራከሪያ አይሰማም።

ከዚህ በላይ ግን የሚያሳስበኝ የውክልና ጉዳይ ነው። ሕጋችን በቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ይሠራል ይላል። ከአስተዳደር ለሚያልፍ፣ ለምሳሌ ቤት ለመሸጥ፣ በቁጥር 2205 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ፋይል መቅዳት የአስተዳደር ሥራ ነው፤ ቢሳሳት ይታረማል። መሰረዝ ግን ቤት እንደመሸጥ ነው። እኔ ለአራት መስመር ስክሪፕት ሁለቱን በአንድ ወረቀት ሰጠሁት።

አሁን «አዛውር» አሥር መስመር ሆኗል። አርጉመንቶቹ ሁለት ካልሆኑ አይጀምርም፤ አጠቃቀሙን ነግሮ ይቆማል። ስሞቹ ሁሉ በጥቅስ ውስጥ ናቸው። ፎልደሩ ውስጥ መግባት ካልቻለ እዚያው ያበቃል። ቅጂው መሳካቱን ሳያረጋግጥ አይሰርዝም። ከመሰረዙም በፊት የሚሰርዛቸውን ፋይሎች ዘርዝሮ ፈቃዴን ይጠይቃል። ይህ ልዩ ውክልናው ነው።

ዛሬ በየመሥሪያ ቤታችን ማኅደር ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ነው። ስክሪፕቱን የሚጽፈው ወጣት ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም በደቂቃ ጽፎ ይሰጣል። ማንም ይጻፈው፣ የአስጀማሪዋን ቁልፍ የምንጫነው እኛ ነን። ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ አንድ ስክሪፕት ሲቀርብልዎ ፕሮግራመር መሆን ሳያስፈልግዎ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። የሰማውን ይነግረኛል? ሲጠራጠር ይቆማል? ሳያስፈቅደኝ ይሰርዛል?

የደሴዋ እናት ስለዚህ ሁሉ የሚያውቁት የለም። ባለፈው ሲደውሉ «ወረቀቴ ደህና ነው?» አሉኝ። «ደህና ነው እማማ» አልኳቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ፎልደሩን ከፍቼ አየሁት።