ሰርጉ ይቅደም ወይስ ሞተሩ?

ልጁ የአምቦ ልጅ ነው፤ ዕድሜው 28። ስሙን አደራ ብሎናልና አንጠራውም። አባቱ ሲያርፉ ታላላቆቹ ቤቱንና መሬቱን ተካፈሉ፤ ለእሱ የደረሰችው ግቢው ጥግ ባሕር ዛፉ ሥር የቆመችው ፒክአፕ ላንድክሩዘር ናት። ከእሱ በብዙ ዓመት ትበልጣለች። "ምን ደረሰህ?" ሲሉት "ታላቅ እህት" እያለ ይስቅ ነበር።

ሳቁ ግን አልቆየም። በገበያ ቀን ከጎጆ ድንች ጭኖ ግንጪ ያወርዳል፤ ሲመለስ ሰውና ዕቃ ይዞ ይወጣል። መኪናዋ ዳገት ስትይዝ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች፤ ዘይት ትበላለች፤ ሦስተኛ ማርሽ ደግሞ አልያዝ ብሎ በመሀል መንገድ ራሱ ይወጣል። ማታ ሒሳቡ ሲደመር ያተረፈው እሱ ሳይሆን የነዳጅ ማደያው ነው።

"ለጥር ሰርግ አስበናል። በእጄ ያለው የዕቁብ ብር ብቻ ነው። አንድ ደላላ የሚኒባስ ናፍጣ ሞተር በርካሽ አግኝቼልሃለሁ እያለ ይነዘንዘኛል። እጮኛዬ ደግሞ 'ወይ እኔን ወይ እሷን አግባ' አለችኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?" ይላል።

እንግዲህ ስለ ትዳሩ ከማውራታችን በፊት ኮፈኑን እንክፈተው።

"ሽጣትና ተገላገል" የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ሸጦ ምን ሊገዛ? በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ የመለዋወጫው ዋጋ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ከሆለታ እስከ ባኮ ባለው መንገድ ያረጀ ፎር ዊል ያለው ሰው ሁሉ እንደ ልጁ ነው የሚያስበው፤ ገላዋ ይቆይ፣ ሆድ ዕቃዋ ይቀየር።

የልጁ መኪና የ40 ሲሪስ ናት። ፋብሪካው ይህን ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ነው ያመረተው። ኮፈኗ ሥር ያለው "ቱ ኤፍ" የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነው። ጠንካራ ነው፤ አይካድም። ግን ጠጪ ነው። በአንድ ሊትር 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ከሄደ ባለቤቱ ዕድለኛ ነው።

አሁን ወደ ደላላው ዕቃ እንምጣ። ያገኘለት "ሦስት ኤል" የሚባለው 2.8 ሊትር ባለ 4 ሲሊንደር ናፍጣ ነው። በሃይኤስ ሚኒባስ ላይ ስላለ በየጋራዡ ይታወቃል፤ መለዋወጫውም አይጠፋም። እስከዚህ ደላላው እውነቱን ነው። ያልነገረው ግን ብዙ ነው።

አንደኛ፣ ሞተሩ ከላንድክሩዘሯ ካምቢዮ ጋር አይገናኝም። ብሎኖቹ የሚገቡበት ቀዳዳ ሁሉ ሌላ ነው። ወይ ቶርኖ ቤት ሄዶ በመካከል የሚገባ ወፍራም ብረት ማስቆረጥ ነው፤ እሱ ደግሞ በግማሽ ሚሊ ከሳተ ፍሪሲዮኑንና ኩሽኔታውን ይጨርሳል። ወይ ደግሞ የሚኒባሱን ካምቢዮ አብሮ መግጠም ነው። የተለመደው ሃይኤስ ካምቢዮ ግን ኃይልን ለፊት ጎማ የሚያካፍል ሳጥን የለውም። አራቱም ጎማ ሲጎትት የኖረች መኪና በአንድ ቀን ሚኒባስ ሆና ቁጭ ትላለች! የጎጆን የክረምት ጭቃ የሚያውቅ ይፍረድ።

ሁለተኛው ጉልበት ነው። ቱ ኤፍ ወደ 135 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው ሦስት ኤል 90 አካባቢ ነው። አምቦ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ከ90ው ሰባ ምናምን ይቀራል ማለት ነው። በሰባ ምናምን ፈረስ ድንች የጫነች ላንድክሩዘር ወደ ወንጪ ሽቅብ ስትወጣ በቅሎ ትቀድማታለች። ማቃለሌ አይደለም፤ አይቼዋለሁ።

ሦስተኛውን ልናገር ስል እስካሁን እጄ ላብ ይላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤንዚኗ በናፍጣ የተለወጠላት የአንድ ወዳጄ መኪና ውስጥ ሆኜ ከጌዶ ወደ ጉደር እየወረድን ነበር። ቁልቁለቱ መሀል ፍሬኑን ሲረግጠው እግሩ ሥር ያለው ነገር ድንጋይ ሆነ። ሁለት እግሩን ጭኖ ቆመበት፤ መኪናዋ ግን እየተንሸራተተች ነው። ማርሽ እየቀነሰ፣ የእጅ ፍሬን እየሳበ፣ በስተመጨረሻ ወደ ተራራው ጥግ አስጠግቶ አቆማት። ወርደን ለአምስት ደቂቃ ማንም ቃል አልተነፈሰም።

ነገሩ በኋላ ሲጣራ ቀላል ነበር። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ በማስገቢያው ቱቦ ውስጥ የሚፈጠረው መሳብ ነው ፍሬኑን የሚያግዘው፤ እግርህ ትንሽ ሲነካው ሰርቮው ይጨርስልሃል። ናፍጣ ሞተር ያ መሳብ የለውም። ስለዚህ ለብቻው የአየር መሳቢያ ፖምፓ ያስፈልገዋል። በብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ይቺ ፖምፓ ከዲናሞው ጀርባ ተጣብቃ ነው የምትመጣው። የወዳጄ ሞተር የተሸጠለት ያለ ዲናሞ ነበር። መካኒኩ ከሌላ መኪና የተገኘ ተራ ዲናሞ ገጠመ፤ መብራት በራ፣ ባትሪ ሞላ፣ ሥራው አለቀ ተባለ። ለማን ይነገራል!

እናም ሞተር ስትገዙ ሞተሩን ብቻ አትዩ። ዲናሞው ከነፖምፓው አለ? ሞተሪኖውስ ባለ 12 ነው ባለ 24 ቮልት? ብዙ የቆዩ የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተሮች ባለ 24 ናቸው፤ ቤንዚኗ ደግሞ ባለ 12። ይህን ሳያይ የገዛ ሰው አምፖሉንም ባትሪውንም ሽቦውንም ሊቀይር ነው። ናፍጣ ወደ ታንከር የሚመለስበት መስመር ይፈልጋል፤ የቤንዚኑ ታንከር መታጠብ አለበት፤ ውኃ የሚለይ ማጣሪያ መጨመር አለበት። ራዲያተሩ፣ የሞተሩ ጎሚኒዎች፣ የማርሚታው መንገድ... ዋጋውን የሚገድለው ሞተሩ ሳይሆን ይሄ ሁሉ ኮተት ነው።

"ታዲያ ናፍጣ አይቀየር ነው የምትሉት?" ብሎ የሚቆጣ ይኖራል። አላልንም። የሚቀየር ከሆነ ፋብሪካው ራሱ በዚያችው ገላ ውስጥ የገጠመውን መፈለግ ነው። ለእንደዚህ ዓይነቷ ፒክአፕ "ቱ ኤች" የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4 ሊትር ናፍጣ አለ። እሱ በዚህችው ሻንሲ ላይ ከጃፓን ተገጥሞ የመጣ ስለሆነ የሚቀመጥበት ሁሉ የታወቀ ነው። 103 ፈረስ ብቻ ነው፤ አይሮጥም፤ ግን ከታች ጀምሮ ይጎትታል፤ በሊትር 7 ኪሎ ሜትር ተኩል አካባቢ መሄድ ይችላል። ከነካምቢዮው፣ ከነሽቦው፣ ከነዲናሞው፣ ከተቻለም ሙሉዋን የተጋጨች መኪና መግዛት ይሻላል። መጀመሪያ ውድ ይመስላል፤ መጨረሻ ላይ ርካሹ እሱ ነው።

ሒሳቡን ደግሞ ራሳችሁ ሥሩት። በ1,000 ኪሎ ሜትር ቱ ኤፍ 220 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ ቱ ኤች 135 ገደማ። ልዩነቱ 85 ሊትር ነው። ይህን በማደያው ዋጋ አባዙትና የለውጡን ጠቅላላ ወጪ አካፍሉት፤ ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር መንዳት እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። በወር 3,000 ለሚነዳ ያዋጣል። ልጃችን ግን በወር ከ600 አይበልጥም። ያወጣውን እስኪመልስ የበኩር ልጁ ትምህርት ቤት ይገባል።

ወረቀቱንም አትርሱ። የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሞተሩ ሲቀየር የሚመለከተው ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ቀርቦ መመዝገብ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሞተሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ፣ ዲክላራሲዮን ወይም ሕጋዊ ደረሰኝ፣ ይጠየቃል። ሶማሌ ተራ ላይ በለሊት የተገዛ፣ ቁጥሩ የተፋቀ ሞተር ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ መኪናዋም ባለቤቷም እዚያው ይቀራሉ።

ካምቢዮውን በተመለከተ ልጁ ባለ 5 ማርሽ ሊገጥም ሁሉ አስቦ ነበር። አምስተኛው ማርሽ የሞተሩን ዙር በመቶ 15 ያህል ይቀንሳል፤ ከአምቦ አዲስ አበባ ባለው 115 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ላይ ጆሮም ያርፋል። ለጎጆ ዳገት ግን ምን ሊያደርግ? በዚያ ላይ ሳጥኑ ረዘም ስለሚል የኋላው ትራንስሚሽን ማጠር፣ የፊተኛው መርዘም አለበት። ማርሽ የሚወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኩሽኔታ መላላት ነው፤ አንዳንዴም የሞተሩና የካምቢዮው ጎሚኒ ተበልቶ ነው። መጀመሪያ ርካሹን ማየት አይሻልም?

እኛም ልጁን አምቦ ውስጥ ወደሚታወቁ አንድ አዛውንት መካኒክ ላክነው። ኦቦ ብለው የማይጠሯቸው የለም። ሞተሩን አስነስተው ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ ካንዴላዎቹን አስፈትተው የስድስቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ለኩ። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር በባሕር ወለል የተለካ ነውና እዚህ ዝቅ ብሎ ቢነበብ አይደንቅም፤ ዋናው ስድስቱ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። አራቱ ተቀራረቡ፤ ሁለቱ ወረዱ። በሁለቱ ቀዳዳ አንዳንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ሲለኩ ከፍ አለ። ከፍ ባይል ችግሩ ቫልቩ ነበር፤ ከፍ ካለ ፋሻው ነው። ካርቡራተሩንም ፈቱት። ለዚህ ስስ አየር የበዛ ቤንዚን ሲያፈስ ኖሯል፤ ከጠጪነቷ የተወሰነው የባሕርይ ሳይሆን የማስተካከል ጉድለት ነበር።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ። አዲስ ፋሻ፣ የቴስታታ ሥራ፣ የካርቡራተር ማስተካከል፣ ለካምቢዮው ኩሽኔታና ጎሚኒ። የዕቁቡ ብር ግማሽ አልሞላም። ቀሪው ለጥር። ናፍጣው መኪናዋ ብዙ መንገድ የምትሠራበት ቀን ከመጣ ያኔ ይታሰባል።

ፋሻውን ለመግዛት ሁለቱም አብረው አዲስ አበባ ወጡ፤ ብሩን የያዘችው እሷ ናት። ደላላው ሶማሌ ተራ ላይ ጠብቋቸው ኖሮ ያንኑ የሚኒባስ ሞተር ሸራውን ገልጦ አሳያቸው። ልጁ ዓይኑ ሲቁለጨለጭ አየችው። ጠጋ አለችና ደላላውን፦

"ወንድሜ፣ ዲናሞው ከነፖምፓው ነው? ዲክላራሲዮኑንስ ታሳየኛለህ?" አለችው።

ደላላው ሸራውን መልሶ ሸፈነው።