የሚፈራው ትልቁ ባትሪ፣ መንገድ ላይ የሚያስቀረው ትንሹ

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሁለት ወሬዎች አብረው ይዞራሉ። አንደኛው «የሞተር ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው፣ የነዳጅ ፊልትሮ የለው፤ ገዝቶ መንዳት ብቻ ነው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ባትሪው አራት አምስት ዓመት ነው የሚቆየው፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ቆርቆሮ ነው» ይላል። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ የሚናገር ሰው አይጠፋም። ላይ ላዩን ሲታዩ ይጋጫሉ፤ ሲመረመሩ ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ሁለቱም መኪናውን ጎማ የተገጠመለት አንድ ትልቅ ባትሪ አድርገው ያዩታል፤ ባትሪው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ የሚታይ ነገር የለም፣ ባትሪው የሞተ ቀን ደግሞ ሁሉ ነገር አለቀ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ለብዙ ሰው የምርጫ ጉዳይ አልሆነም። መኪናውን አንድ ትልቅ ባትሪ አድርጎ የሚያየው አስተያየት ግን ባለቤቱን በማያስፈራ ነገር እያስጨነቀ፣ ሊያየው የሚገባውን እንዳያይ ያደርገዋል።

ከሚፈራው እንጀምር። «ስልኬ በሁለት ዓመቱ ደከመ፤ መኪናው በምን ይለያል?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የሁለቱ ባትሪዎች ኬሚስትሪ ዝምድና አለው። የሚለያዩት በአያያዝ ነው። ስልክ ማቀዝቀዣ የለውም፤ ኪስ ውስጥ ይሞቃል፣ ሌሊቱን 100 ሞልቶ ያድራል። የአብዛኛው ዘመናዊ መኪና ባትሪ ግን ሙቀቱን የሚያስተካክል ፈሳሽ ይዞርለታል፣ የሴሎቹን ቮልቴጅ የሚከታተል ኮምፒውተር አለው፣ ከአቅሙም ጥቂቱ ሹፌሩ እንዳይነካው ተቆልፎ ይቀመጣል። ጂኦታብ የተባለው የካናዳ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 10,000 የሚጠጉ ተሽከርካሪዎችን መረጃ አይቶ ያገኘው አማካይ የአቅም ቅነሳ በዓመት 1.8 በመቶ ነበር። በዚህ ስሌት መኪናው በስምንት ዓመቱ ከመጀመሪያ አቅሙ 85 በመቶ ያህሉ ይቀረዋል። ብዙ አምራቾች ለ8 ዓመት ወይም ለ160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ሲሰጡ መለኪያቸው 70 በመቶ መሆኑ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ባትሪ እንደ አምፖል ድንገት አይጠፋም፤ እንደ ጎማ እያለቀ ይሄዳል።

አማካይ ግን አማካይ ነው፤ ተቃዋሚው በአሜሪካዋ አሪዞና የሆነውን ታሪክ ሊያነሳ ይችላል፣ ማንሳቱም ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በዚያ በረሃ የነበሩ የኒሳን ሊፍ ባለቤቶች መኪናቸው በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ በግልጽ አቅም መቀነሱን አይተው አቤት አሉ፤ ኩባንያውም በኋላ ለባትሪው አቅም ዋስትና ለመጨመር ተገደደ። የሊፍ ባትሪ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ አልነበረም። ታሪኩ የሚያስረዳው ባትሪ ሁሉ ቶሎ እንደሚሞት ሳይሆን ጠላቱ ማን እንደሆነ ነው፤ ሙቀት። ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ ተባብረው ለቀናት ሲቆዩበት ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ከዚህ አንጻር የአዲስ አበባ አየር ለባትሪ የተመረጠ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ድሬዳዋ ወይም አፋር የሚሠራ መኪና ግን ጥላ ይፈልጋል፣ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ባይውል ይመረጣል።

እዚህ ላይ ከአሮጌ ባትሪዎች የወረስነው ምክር ጣልቃ ይገባል፤ «ጨርሰህ አሟጥጠህ ሙላው»። ይህ ለኒኬል ካድሚየም የተሰጠ ምክር ነበር። ለሊቲየም ባትሪ ዜሮ ድረስ መውረድ ጥቅም የለውም፣ በተደጋጋሚ ከሆነ ይጎዳዋል። «ከ80 በላይ ፈጽሞ አትሙላ» የሚለውም ለሁሉም አይሠራም። ኒኬልና ኮባልት ላለበት ባትሪ በየዕለቱ 80 አካባቢ ማቆም ጥሩ ልማድ ነው። የቢዋይዲ ኩባንያን «ብሌድ» ባትሪ ጨምሮ በብዙ የቻይና መኪኖች ላይ ያለው የብረት ፎስፌት ባትሪ ግን ቮልቴጁ ከሙላት እስከ ጉድለት ብዙም ስለማይለዋወጥ ኮምፒውተሩ የቀረውን በትክክል ለመገመት ይቸገራል፤ አልፎ አልፎ፣ ብዙ አምራቾች እንደሚሉት በሳምንት አንዴ ያህል፣ 100 ሲሞላ ግምቱን ያስተካክላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ መሣሪያ አይጠይቅም፤ መኪናው የያዘው ባትሪ ከየትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ ልኬት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ «የቀረ ርቀት» ተብሎ የሚታየው ቁጥር የባትሪው ጤና አይደለም፤ መኪናው በቅርቡ ስንት እንደፈጀ አይቶ የሚናገረው ግምት ነው። እንጦጦን ወጥቶ የመጣ መኪና ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል፣ ቃሊቲ ሜዳ ላይ የዋለው ከፍ ያለ። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲወረድ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪናን ያንኑ 600 ሜትር መልሶ ለማውጣት ብቻ ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ያስፈልጋል፤ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚፈጅ መኪና ይህ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። ሲመለስ «ባትሪዬ ደከመ» የሚል ሰው የረሳው ዳገቱን ነው። በዚህ ላይ ከቻይና በሚመጡ ብዙ መኪኖች ላይ የተጻፈው ርቀት በቻይናው ሲ ኤል ቲ ሲ መለኪያ የተገኘ ነው፤ መለኪያው ለጋስ ስለሆነ አዲስ መኪናም ብዙ ጊዜ አይደርስበትም። ያልነበረ አቅም ደግሞ አይቀንስም።

ለእውነተኛው ልኬት የመኪናውን የጉዞ መረጃ መጠቀም ይቻላል። ከ90 በመቶ እስከ 20 በመቶ እስኪወርድ ተነድቶ የፈጀው 38 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው እንበል። ይህ የባትሪው 70 በመቶ ስለሆነ፣ 38ን ለ0.7 ስናካፍል ሙሉ አቅሙ ወደ 54 ይሆናል። ሲገዛ 60 ከነበረ 90 በመቶ ቀርቶታል። አንድ ልኬት ሊያሳስት ስለሚችል በየስድስት ወሩ ደጋግሞ መመዝገብ ያሻል። የቤት ቆጣሪን ማንበብ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ቻርጅ ሲደረግ በሙቀት የሚባክነው ኃይል በቆጣሪው ላይ ይታያል እንጂ ባትሪው ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደማይፈራው። የኤሌክትሪክ መኪና ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ወለሉ ሥር የተነጠፈው ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው። ሌላው ከነዳጅ መኪናው ብዙም የማይለይ ባለ 12 ቮልት ነው፤ ኮፈን ሥር ወይም ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጣል። «ሞተር የማያስነሳ ባትሪ ምን ያደርጋል?» ይባላል። ሥራው ኮምፒውተሮቹን መቀስቀስና ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙትን ማብሪያዎች ማብራት ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ 90 በመቶ ሞልቶም መኪናው ንቅንቅ አይልም፤ አንዳንዱ በሩ አይከፈትም፣ ቻርጅም አይቀበልም። የጀርመኑ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር አዳክ በየዓመቱ በሚያወጣው የመንገድ ብልሽት መረጃ፣ በኤሌክትሪክ መኪኖችም ላይ ቀዳሚው የመቆም ምክንያት ይኸው ትንሽ ባትሪ ነው። ምልክቱ ያታልላል፤ እርስ በርስ የማይገናኙ የማስጠንቀቂያ መብራቶች በአንዴ ይበራሉ፣ ስክሪኑ ያብዳል፣ ባለቤቱም ትልቁ ባትሪ ሞተ ብሎ ይደነግጣል። የሊድ አሲድ ከሆነ መኪናው ለሰዓታት ቆሞ ሲለካ ከ12.4 ቮልት በታች ከወረደ መጠርጠር ይገባል፤ አራተኛ ዓመቱን ከያዘ ደግሞ ሳያስቸግር መቀየሩ ይሻላል። የሌላ ሰው መኪና በእሱ ማስነሳትን ብዙ አምራቾች ይከለክላሉ።

ዓይን ሁሉ ትልቁ ባትሪ ላይ ስለሆነ ፍሬንም ይረሳል። መኪናው ሲቀንስ ሞተሩ ጉልበቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ ሸራው ቶሎ አያልቅም፤ ይህ እውነት ነው። የማይሠራ ነገር ግን ይዝጋል። ዲስኩ በክረምቱ እርጥበት ይበላል፣ ካሊፐሩ ይያያዛል፤ የፍሬን ዘይቱ ደግሞ መኪናው ቢነዳም ባይነዳም ውሃ እየሳበ ስለሚሄድ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት መቀየር አለበት። ቁልቁለት ላይ የሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ይወቅ፤ 100 ሞልቶ የወጣ ባትሪ ጉልበት መቀበያ ቦታ የለውም፣ ስለዚህ ጠዋት ቁልቁል ሲወርድ በአብዛኛው የሚሠራው ሸራው ነው። መኪናው ከባድ ስለሆነ ደግሞ ጎማው ቶሎ ይበላል። ጎሚስታ ቤት ደግሞ ክሪኩ የት እንደሚገባ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል፤ በተሳሳተ ቦታ ከተገፋ የሚጎዳው የባትሪው ሣጥን ነው። ኩላንት ሲጎድል የቧንቧ ውሃ መጨመር በነዳጅ መኪና የለመድነው ነው፤ እዚህ ግን ፈሳሹ የሚዞረው ኤሌክትሪክ አጠገብ ስለሆነ አምራቹ ካዘዘው ሌላ አይገባም።

«ይህ ሁሉ ባለሙያ ላለበት አገር ነው» የሚል ይኖራል። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበትን የብርቱካናማ ገመድ ወገን በተመለከተ ልክ ነው፤ እሱን ያልሠለጠነ ሰው መንካት የለበትም፣ የሠለጠነውም ገና ጥቂት ነው። እስካሁን ከተዘረዘረው ግን ጎማውን፣ ፍሬኑን፣ ትንሹን ባትሪና ልኬቱን ማንኛውም ደህና ጋራዥ ወይም ባለቤቱ ራሱ ይሠራዋል። የባለሙያ እጥረቱ ቀላሉን ሥራ በጊዜው ለመሥራት ተጨማሪ ምክንያት ነው። ጠንካራው ተቃውሞ ያገለገለ መኪና ላይ ነው፤ ታሪኩ አይታወቅም፣ ዋስትናው ለሌላ አገር ገበያ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። እዚያ የጤና መቶኛውን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ የሚገምተው ነውና። ዲያግኖሲስ ሲደረግ በሴሎቹ መካከል ያለውን የቮልቴጅ ልዩነት ማስነበብ ይሻላል፣ የሚቻል ከሆነም ዳገት ላይ እየተነዳ፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚወርድ ሴል ካለ ሙሉው ባትሪ የሚቆመው እሱ ሲያልቅ ነው። በሞጁል የተከፋፈለ ባትሪ የደከመውን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ሴሎቹ በቀጥታ በሣጥኑ ውስጥ በተጣበቁበት አዲስ አሠራር ግን ይህ በጣም ያስቸግራል። ሻጩ በየስድስት ወሩ የለካውን የመዘገበበት ደብተር ካለው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ካለው ኪሎ ሜትር በፊት እሱን ማንበብ ነው፤ ኪሎ ሜትሩ ስንት እንደተነዳ እንጂ ባትሪው ስንት እንደቀረው አይናገርም።