አርችዌይ ሲሳል ማን ከላይ፣ ማን ከታች?

ሰሜን ለንደን ያለው አርችዌይ ስሙን ያገኘው ከድልድይ ነው። ኤ1 የተባለው አውራ ጎዳና ኮረብታውን ሰንጥቆ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ከበላዩ ሆርንዚ ሌን በድልድይ ይሻገራል። መጀመሪያ የታሰበው ዋሻ ነበር። ቁፋሮው በ1812 እ.ኤ.አ. ሲደረመስ ሐሳቡ ተለወጠና ኮረብታው ከአናቱ ጀምሮ ተቆረጠ። መንገዱ በ1813 ሲከፈት ጆን ናሽ የነደፈው ድልድይ የተቆረጠውን ሆርንዚ ሌን አገናኘ። ዛሬ የምናየው የብረት ድልድይ ደግሞ በ1890ዎቹ መጨረሻ በቦታው የተተካው፣ የአሌክሳንደር ቢኒ ሥራ ነው። ከዚህ ሁሉ ሥር የኖርዘርን ላይን ባቡር አለ። ጣቢያው በ1907 ሲከፈት የመስመሩ መጨረሻ ነበር፤ በ1939 ግን መስመሩ ወደ ሰሜን ተቀጠለ።

እግረኛ ሦስቱን አያምታታም። ወረቀት ላይ ግን ከፍታ የለም፤ ድልድዩም መንገዱም ባቡሩም እኩል መስመር ናቸው። በሚቋረጡበት ቦታ ማን ማንን ይሸፍን? ፓይተን ለሚጽፍ ሰው የዚህ መልስ አንዲት ቁጥር ናት፤ ዜድ ኦርደር ትባላለች።

ይህን ቁጥር የሚጠቀመውን ማትፕሎትሊብ የተባለውን የፓይተን ግራፍ መሣያ ላይብረሪ የጀመረው ጆን ሀንተር በሙያው የነርቭ ሥርዓት ተመራማሪ ነበር። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች የአንጎል ኤሌክትሪክ ምልክት በግራፍ ለማየት ሲል ነው ላይብረሪውን መሥራት የያዘው። ላይብረሪው የሚሥለውን ነገር ሁሉ፣ መስመሩንም ጽሑፉንም ነጥቡንም፣ «አርቲስት» ይለዋል። እያንዳንዱ አርቲስት ዜድ ኦርደር አለው። ትንሽ ቁጥር ያለው ቀድሞ ይሣላል፤ ትልቅ ቁጥር ያለው ኋላ መጥቶ በላዩ ያርፍበታል። ዘይት ቀለም የሚቀባ ሠዓሊ መጀመሪያ ሰማዩን፣ ቀጥሎ ተራራውን፣ በመጨረሻ ሰውየውን እንደሚሥል ማለት ነው። የኮምፒውተር ሰዎችም ስልቱን በሠዓሊ ስም ነው የሚጠሩት።

ቁጥሩን እርስዎ ካልሰጡ ላይብረሪው ራሱ ይሰጣል። ፎቶ 0፣ ቀለም የተሞላ ቅርጽ 1፣ መስመር 2፣ ጽሑፍ 3፣ ሌጀንድ 5። ሁለት አርቲስቶች እኩል ቁጥር ካላቸው ኮዱ ውስጥ ኋላ የተጻፈው ከላይ ይሆናል። ሆርንዚ ሌንን አስቀድመው፣ ኤ1ን አስከትለው ከጻፉ እንግዲህ የመኪናው መንገድ ድልድዩን በጥሶት ያልፋል።

ሁለቱን የኮድ መስመሮች ቦታ ማለዋወጥ ይበቃል የሚል ካለ፣ አልተሳሳተም፤ ግን ሥራው ገና ነው። ካርታ ላይ መንገድ አንድ መስመር አይደለም። ከሥር ወፈር ያለ ጥቁር መስመር አለ፣ ጠርዙ ነው። በላዩ ቀጠን ያለ ነጭ መስመር ይገባል፣ ሙሌቱ ነው። እስቲ ጣቢያው አጠገብ ያለውን መስቀለኛ እንሣለው፤ ጃንክሽን ሮድና ሆሎዌይ ሮድ እዚያ ይገናኛሉ። አንደኛውን ጠርዙንም ሙሌቱንም ጨርሰን ወደ ሁለተኛው ብናልፍ፣ የሁለተኛው ጥቁር ጠርዝ የመጀመሪያውን ነጭ ያቋርጠዋል፤ መገናኛው አጥር የታጠረበት ይመስላል። መፍትሔው የሁሉንም ጠርዝ በቅድሚያ፣ የሁሉንም ሙሌት በኋላ መሣል ነው። ያኔ ነጩ ከነጩ ይዋሃድና መንገዱ ይከፈታል። ድልድዩ ጋ ግን የምንፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ እዚያ መንገዶቹ አይገናኙም፣ ስለዚህ የድልድዩ ጥቁር ጠርዝ የታችኛውን ነጭ ቆርጦ መታየት አለበት። ስለዚህ የመሬት መንገዶች ጠርዝ 2.1፣ ሙሌታቸው 2.2፣ የድልድዩ ጠርዝ 2.3፣ ሙሌቱ 2.4 ይሆናል። ነጥብ ያለው ቁጥር መቀበሉ ትልቅ ምሕረት ነው፤ በሁለት ነባር ቁጥሮች መካከል ሁልጊዜ ቦታ አይጠፋም። አንዳንዱ ግን ከላይ እንዲውልለት የፈለገውን ሁሉ 9999 ይለዋል፤ ነገ ሌላ መጥቶ 10000 ይላል። እኔ ቁጥሮቹን ኮዱ አናት ላይ በስም ማስቀመጥ እመርጣለሁ፦ ጠርዝ፣ ሙሌት፣ ድልድይ፣ ጽሑፍ።

ጀማሪውን ሁሉ የሚጥለው ግን ነጥብ ነው። ስካተር በተባለው ትእዛዝ የተሣሉ ነጥቦች ያልታዘዙ እንደሆነ ቁጥራቸው 1 ነው፣ መስመር ደግሞ 2። የባቡር ጣቢያዎቹን በነጥብ አድርገው ኮዱ መጨረሻ ላይ ቢጽፏቸው እንኳ መንገዶቹ ሥር ተደብቀው ይቀራሉ፤ ተራ የሚሠራው ቁጥር ሲተካከል ብቻ ነው። የግሪድ መስመርም እንዲሁ 1.5 ላይ ስለሚውል በባር ቻርትዎ ዓምዶች ላይ ይጋደማል። ሴት አክሲስ ቢሎው የሚለውን ትእዛዝ እውነት ሲያደርጉት ወደ 0.5 ይወርዳል።

ባቡሩስ? እንደ መሬቱ እውነት ከሄድን ከሁሉ በታች ነው፤ 0.5 ሰጥተነው መንገድ ሲሸፍነው ማየት ነው። ካርታው የተሠራው ለቧንቧ ቆፋሪ ከሆነ ምናልባት ልክ ነው። ለተሳፋሪ ከሆነ ግን ባቡሩ በሰረዝ ሰረዝ መስመር ከመንገዶቹ በላይ መውጣት አለበት። ቁጥሩ የሚናገረው አንባቢ መጀመሪያ ምን ማየት እንዳለበት ነው እንጂ ነገሩ ስንት ሜትር ላይ እንዳለ አይደለም። ስቲቭ ኮስት በ2004 እዚሁ ለንደን የጀመረው ኦፕንስትሪትማፕ የተባለው ካርታም ሌየር የሚባል መለያ አለው፤ በተለምዶ ከ-5 እስከ 5 ይሄዳል። ድልድይ አብዛኛውን ጊዜ 1፣ ዋሻ -1 ይባላል። እሱም የሚያነጻጽረው እርስ በርስ የሚቋረጡትን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ሜክሲኮ ላይ ቀላል ባቡሩ በመኪናው አናት የሚያልፍበት ድልድይ 1 ቢባል፣ የአርችዌዩም 1 ነው፤ ምንም እንኳ የሜክሲኮው ከባሕር ጠለል ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ላይ ቢቆምም።

ወደ ማትፕሎትሊብ ስንመለስ፣ ቁጥሩ ከአንድ አክሲስ፣ ማለትም ከአንድ የግራፍ ሜዳ፣ ውጭ ሥልጣን የለውም። የጣቢያውን ተሳፋሪ ብዛት በግራ፣ የዝናቡን መጠን በቀኝ መለኪያ አድርገው ትዊን ኤክስ በተባለው ትእዛዝ ደርበው ቢሥሉ፣ የግራው መስመር 100 ቢሰጠውም የቀኙ 1 ከላዩ ይውላል፤ ሁለተኛው አክሲስ በጠቅላላው ኋላ ነው የሚሣለው። የግራውን አክሲስ ራሱን ከፍ ማድረግ ይቻላል። ያኔ ደግሞ ነጭ ጀርባው የቀኙን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል፤ ጀርባውን እንዳይታይ ማድረግ ይገባል።

በሦስት አቅጣጫ ሲሣል ይህ ሁሉ ዘዴ ይከዳል። ሀ በለ ላይ፣ ለ በመ ላይ፣ መ ተመልሶ በሀ ላይ የተጋደሙ ሦስት ዘንጎችን ያስቡ። የትኛው ይቅደም? ምንም ቁጥር ቢሰጥ አንዱ መዋሸቱ አይቀርም። ማትፕሎትሊብ በእንዲህ ዓይነቱ ሥዕል ላይ ስሕተት እንደሚፈጠር በራሱ መመሪያ ላይ ጽፎታል፤ ችግሩ የሚገጥማቸውንም ርቀትን በእያንዳንዱ ፒክስል ወደሚለካው ማያቪ ወደተባለው ላይብረሪ ይመራቸዋል።